የጣና ሥዕል ባለቤት ማን ነው?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን የምጽፍልህ ተቈጥቼ ነው። ቍጣዬ በአንተ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር፤ ሽማግሌ በወጣት ላይ መቈጣቱ አዲስ ነገር አይደለምና። ዳሩ ግን እኔም በዚህ ነገር የምጠየቅበት አለኝ፤ እርሱንም በቦታው እናገረዋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር አደርጋቸዋለሁ፤ ነገሩ ፓሪስና ለንደን ስለሚደርስ እንዳይምታታብህ ብዬ ነው።

ነገሩ የተነሣው በዓባይ ማዶ ነው። በ2024 የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ ስመለስ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አገኘኝ። አሁን ጢም ያወጣ ጐልማሳ ሆኗል። ጐንበስ ብሎ ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ ከአዲስ አበባ ገና መመለሱን ነገረኝ። እዚያም ስድስት ኪሎ፥ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ጐብኝቶ ኖሯል። የድሮ የቅዱሳን ሥዕሎች የተሰቀሉበትን ክፍል ሲያወራልኝ ዓይኑ ይበራ ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ። በመጨረሻ ግን «ጋሼ፥ እኛ ባሕር ዳር ውስጥ እኮ አንድም የሚታይ ነገር የለንም» አለኝ።

«ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተሃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እሱማ የቱሪስት ነው» አለኝ።

ይህች ሦስት ቃል እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። ከከተማው ወደብ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚርቀውን የዘጌን ምድር፥ በውስጡም ያለውን ሁሉ፥ ማንም ሳይጠይቀው በገዛ አፉ ለእንግዳ አወረሰው። ርስቱን እንዲህ በነጻ የሚሰጥ ሰው በገበያ ቢገኝ ዘመዶቹ በፍርድ ቤት ያስከለክሉት ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የተባለው ለዚህ ይሆን?

እስቲ የቱሪስት ያልኸውን ንብረት አብረን እንየው። በሐይቁ ዳር ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ክብ ናቸው። በመካከላቸው አራት ማዕዘን ያለው መቅደስ ቆሟል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ጭቃ ነው፥ በጭቃውም ላይ የጥጥ ጨርቅ ተለጥፏል፥ በጨርቁም ላይ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ተሥሏል። በሮቹን ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይጠብቃሉ። ሥዕሉን ማንበብ የሚያስተምር ሰው ካገኘህ መጀመሪያ የሚነግርህ የዓይንን ሕግ ነው፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይመለከትሃል፥ ኀጢአተኛ ግን ፊቱን ወደ ጐን ስላዞረ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ይህን ካወቅህ በኋላ ግድግዳው ሁሉ ይናገርሃል። የፈርዖን ወታደሮች በኤርትራ ባሕር ሲሰጥሙ ጠመንጃ እንደ ያዙ ታያለህ። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ሁልጊዜ ይሥቁ ነበር፤ እኔም አልከለክላቸውም። ሠዓሊው ግን አልተሳሳተም። ክፉ ወታደር ምን እንደሚመስል በገዛ ዘመኑ አይቶታል፤ ያየውንም ሣለ። ደግሞም በላዔ ሰብእን ተመልከት፤ ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው ነው፤ ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን በአንድ ወገን ያ ሁሉ ሬሳ፥ በሌላው ወገን ለተጠማ ድኃ የሰጣት እፍኝ ውኃ ብቻ ናት። ሥዕሉ የሚዛኑን ነገር እንዴት እንደ ፈጸመው እኔ አልነግርህም፤ ሄደህ እየው።

ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ደግሞ እንሻገር። በዚያ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለች የእመቤታችን ሥዕል አለች። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ ይኸውም ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሣለች ናት፤ የሠዓሊዋም ስም ፍሬ ጽዮን እንደ ሆነ በራስዋ ላይ ተጽፏል። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን እምብዛም አይጽፉም ነበርና ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየዓመቱ ተማሪዎቼን «ሞና ሊዛን የሣለ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ግማሹ ክፍል እጁን ያወጣ ነበር። «ፍሬ ጽዮን ማን ነው?» ስል ግን አንዳንዱ የጐረቤቱ ልጅ ይመስለዋል። ሊዮናርዶ ዳቪንቺ የተወለደው በ1452 ነው፤ ስለዚህ ፍሬ ጽዮን በዳጋ ቀለም ሲበጠብጥ ያ ታላቅ ሰው ወይ አልተወለደም፥ ወይም ቢበዛ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። በ2023 መጨረሻ በአሜሪካ፥ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በዎልተርስ ቤተ መዘክር ስለ ኢትዮጵያ ጥበብ ትልቅ ትርኢት ተከፍቶ ነበር። ያ ቤተ መዘክር የፍሬ ጽዮን ተከታይ የሣለው ነው የሚለው ሥዕል አለው። የባልቲሞር ልጅ ስሙን ያውቃል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ «እነርሱማ ዘርፈው ነው፤ ይመልሱልን!» የሚል ድምፅ ከወጣቶች ዘንድ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ የተዘረፈ አለ። በ1911 ሞና ሊዛ ከፓሪስ ከሉቭር ቤተ መዘክር በተሰረቀች ጊዜ ፈረንሳይ ሁሉ እንደ ሐዘንተኛ ሆና ነበር፤ ሰውም ሥዕሏ ተሰቅላበት የነበረውን ባዶ ግድግዳ ሊያይ ይሰለፍ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ተገኘች። ከዚያች ከተማ የተነሣ፥ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው፥ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘ የጥናት ጓድ ደግሞ በ1932 በጐንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከነጨርቃቸው ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ፤ በምትካቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ የሠራውን ቅጂ ለጠፈ። «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ እንደሚዞረው ነጋዴ አሮጌውን በአዲስ ለወጠ። ሥዕሎቹ ዛሬም በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ናቸው። ይመለሱ ስትል እኔም ከአንተ ጋር እላለሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 ወደ እንግሊዝ ንግሥት ሲልኩ ምን ብለው ጠየቁ? «የዘረፋችሁትን መልሱ» ብቻ አላሉም። ከመቅደላ የተወሰዱትን ሁለት ነገሮች በስም ጠሩ፤ አንዱ የክብረ ነገሥት መጽሐፍ፥ ሁለተኛው ኵርዐተ ርእሱ የሚባለው ሥዕል ነው። መጽሐፉ ተመለሰ። ሥዕሉ አልተመለሰም፤ ከጦሩ ጋር የመጣው የእንግሊዝ ቤተ መዘክር ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ለራሱ ደብቆት ነበርና። መጽሐፉ የተመለሰው ግን ስሙና መልኩ ስለ ታወቀ ነው። አንተ ዛሬ ከጣና ዳር አንድ ነገር ቢጠፋ ስሙን ታውቃለህን? የክብራን ገብርኤል የብራና መጻሕፍት በዝርዝር ተጽፈው በ1973 በጀርመን አገር ታትመዋል። ጸሐፊው ሐመርሽሚት የሚባል ሊቅ ነው፤ ቋንቋውም ጀርመንኛ ነው። ሰውየውን አመሰግናለሁ እንጂ አልነቅፍም። የሚያሳፍረኝ፥ ከቤቴ ደጅ የሚታየውን ደሴት የዕቃ ዝርዝር ለማንበብ መዝገበ ቃላት መግለጥ የነበረብኝ መሆኑ ነው።

እንግዲህ የራሴን ልናገር። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ንባብ፥ ሒሳብና ሰዓት ማክበር ያስተማሩኝን ሰዎች ዛሬም አመሰግናለሁ። ስለ ሥዕል ግን «የመሃይም መጽሐፍ ነው» ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። የጣናን ሥዕል መጀመሪያ ያየሁትም በታንኳ ተሻግሬ አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በነበረ አንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ነው። ከሥሩ «ሌክ ታና» የሚል ተጽፎበታል። ይህ አገር የት ይሆን እያልሁ ስደነቅ ዋልሁ፤ እናቴ እንስራ አዝላ የምትወርድበት ሐይቅ መሆኑ የገባኝ ማታ ከተኛሁ በኋላ ነው።

በኋላም መምህር ሆንሁ። በሐይቁ ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ሳስተምር፥ አንድ ልጅ በደብተሩ መካከል አንዲት የብራና ቅጠል ሸሽጎ አመጣልኝ። ጠርዟ በምላጭ ተቈርጧል። ወንጌላዊው ተቀምጦ ሲጽፍ ይታያል፤ ቀዩ ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስል ነበር። «መምህር፥ ፈረንጅ በስንት ይገዛኛል?» አለኝ። እኔ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። «ካመጣህበት መልስ» አልሁትና ወደ ወረቀቴ ተመለስሁ። ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተቈረጠች አልጠየቅሁም፤ ማን እንደ ሰጠው አልጠየቅሁም፤ ተነሥቼም ወደ ደብሩ አልሄድሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ አዲስ የሸራ ጫማ ተጫምቶ መጣ። ጫማውን አየሁት። እርሱም ማየቴን አየ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ያን ልጅ ሌባ ልለው አልችልም፤ በባዶ እግሩ ይመላለስ የነበረ ልጅ ነው። እኔ ግን ጫማ ነበረኝ። ያች ቅጠል ዛሬ በየትኛው አገር፥ በየትኛው መስተዋት ሥር እንዳለች አላውቅም፤ ባያትም የእኛ ናት ብዬ የምከራከርበት አንዲት መስመር ጽሑፍ በእጄ የለኝም።

«ታዲያ ምላጩ እንዲህ የሚሠራ ከሆነ ሁሉም ተሰብስቦ አዲስ አበባ ይግባ፤ በዚያ ዘበኛ አለ፥ መስተዋት አለ» የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። የአዲስ አበባውን ቤተ መዘክር ሥራ አከብራለሁ። በ1968 የተቋቋመው የወዳጆቹ ማኅበር ሥዕሎች ከአገር እንዳይወጡ ከነጋዴ እጅ እየገዛ ባያድን ኖሮ ብዙው በጠፋ ነበር። ሆኖም በገዛ አገራችን፥ በገዛ ከተማችን፥ የገዛ ሥዕላችንን ከነጋዴ መግዛታችን ምን ዓይነት ጌጥ ነው? ነጋዴውስ ከየትኛው ደብር እንዳመጣው ይናገራልን? ሥዕሉ ይድናል፤ አገሩና ታሪኩ ግን በመንገድ ቀርቷል። ደግሞም ሁሉን በአንድ ቤት መሰብሰብ ምን እንደሚያመጣ አይተነዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ የጐንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ወደ መቅደላ አሰባሰቡ። በ1868 በሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ያ ሁሉ በአንድ እጅ ገባ፤ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም በሐራጅ ተሸጠ። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ። እንግሊዝን እንረግማለን፤ ይገባዋልም። ጐንደርን አስቀድሞ ባዶ ያደረጋት ግን የራሳችን ንጉሥ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው የግሪዮልን ሥራ ገልብጠን እንሥራው ነው። እርሱ ዋናውን ወስዶ ቅጂውን ተወ፤ እኛ ዋናውን በደሴቱ ትተን ቅጂውን ወደ ከተማ እናምጣ። በባሕር ዳር አንድ ሰፊ አዳራሽ ይሰጠን፤ ሥዕል የሚችሉ ልጆቻችን ገልብጠው የሠሩት፥ ያለ ብልጭታ የተነሣ ጥሩ ፎቶግራፍም፥ በአማርኛ ተብራርቶ ይሰቀልበት። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም፤ ይህ የገዳሙ ሥርዓት ነውና እኔ ልለውጠው አልተነሣሁም። ነገር ግን የልጄ ልጅ ሴት ናት። ፍሬ ጽዮንን በምን ትየው? ለእርስዋ ስል ብቻ እንኳ ይህን አዳራሽ እፈልገዋለሁ።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይህ ደግሞ የሚመጣው ከደግ ሰው ነው። ስእለቱ የሠመረለት ምእመን ይመጣና «ሥዕሉ ደብዝዟል፤ ላሳድሰው» ይላል። ከከተማ ቀለም ቀቢ ይጠራል፤ በአሮጌው ላይ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ይደፋበታል። ሁሉም እልል ይላል። ሌባ የወሰደው ሥዕል ሌላ አገር ቢሆንም አለ፤ ይህኛው ግን የትም የለም። አንተ የተማርህ ልጅ በዚያ ቀን እልልታው ውስጥ ከሆንህ ትምህርትህ ለምን ነው? ገበዙን ቀርበህ፥ በትሕትና፥ «አባቴ፥ ይህ ሳይነካ አዲሱ ሥዕል በሌላ ስፍራ ቢሣልስ?» ማለት ድፍረት አይደለም።

መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ቀን ሂድ አልልህም፤ ከ2023 ወዲህ በክልላችን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰላም በሆነበት ቀን ግን ምክንያት የለህም።

ያን የቀድሞ ተማሪዬን ይዤው ሄድሁ። የሄድንባትን ቤተ ክርስቲያን ስም አልጠራም። አንድ አረጋዊ ቄስ መጋረጃውን በመቋሚያቸው ገለጥ አደረጉልን። ልጁ ጠመንጃ ይዞ የሚሰጥመውን የፈርዖን ወታደር ሲያይ እንደ ልጅነቱ ሣቀ። ቀጥሎም ዝም ብሎ በግድግዳው ዙሪያ ሄደ፤ ከሰሜኑ በር አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ጋሼ፥ ይህ ባዶ ቦታ ምንድን ነው?»

ጣሪያው አፍስሶ ጨርቁ ከጭቃው ተላቋል። ከሥዕሉ የቀረው አንድ የፈረስ ኮቴና ግማሽ ጦር ብቻ ነው። ቄሱን ማን ተሥሎበት እንደ ነበር ጠየቅናቸው። «ቅዱስ መርቆሬዎስ ይመስለኛል፤ ልጅ ሳለሁ ፈረሱ ጥቍር ነበር» አሉ።

«ጻፈው» አልሁት።

ደብተር አልያዘም ነበር። የጀልባውን ደረሰኝ ከኪሱ አውጥቶ በጀርባው ላይ ጻፈ። ባዶውን ቦታ ሳይነካ በስንዝሩ ለካው፤ ቁመቱ አምስት ስንዝር፥ ወርዱ ሦስት ስንዝር ከሁለት ጣት ሆነ።