ዋት አንግዛ፣ ብርሃን እንግዛ

አምና አንድ ምሽት ጎልቦ ባለው መጋዘኔ ከኢትዮጵያ በኩል የመጣ የቦሎቄ ጭነት እያወረድን ሳለ፣ አንድ ተሸካሚ ልጅ ከነጆንያው ከቆለሉ ላይ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተሰበረው እጁ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ «ጋሼ፣ ቆለሉ የት እንደሚያልቅ አልታየኝም» አለኝ።

ነገሩ አናደደኝ። ከሦስት ወር በፊት አሮጌዎቹን ፓውዛዎች አውርጄ ስምንት አዲስ የኤልኢዲ መብራት ሰቅያለሁ። ካርቶኑ ላይ «200 ዋት» ይላል። በማግሥቱ ፈንዲ ጠርቼ በመለኪያ ሲያየው ግን አንዱ መብራት የሚስበው 70 ዋት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ግማሾቹ የተሰቀሉት ከቆለሉ አናት በላይ ነው። ጆንያውን አብርተው ሰው የሚሄድበትን መተላለፊያ ጨለማ አድርገውታል። ሻጩ በካርቶኑ አታለለኝ ልል እችላለሁ። ግን ሳልለካ የገዛሁትም፣ ሳላስብ ያሰቀልኩትም እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ነው። የኢሲዮሎ–ሞያሌ አስፋልት ካለቀና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የጋራ ድንበር ጣቢያው ከተመረቀ ወዲህ ሥራችን ተለውጧል። መኪናው ሲደርስ ነው የምናራግፈው፣ ቀን ይሁን ማታ። ስለዚህ የመጋዘን መብራት ሌባን ማስፈራሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የሥራ መሣሪያ ሆኗል። እኛ ግን አሁንም ለመኝታ ቤት አምፖል እንደምንገዛ ነው የምንገዛው፤ ዋቱን እናያለን፣ ዋጋውን እንጠይቃለን፣ እንከፍላለን።

ዋት መብራቱ የሚበላው ነው። የሚሰጠው ብርሃን በሉመን ይለካል። ወለሉ ላይ የሚደርሰው ደግሞ በሉክስ። ጥሩ የመጋዘን ኤልኢዲ በአንድ ዋት እስከ 150 ሉመን ይሰጣል፤ ርካሹ ግማሹን ላይሰጥ ይችላል። በአውሮፓ የሥራ ቦታ ደረጃ ለተራ መጋዘን 100 ሉክስ፣ ሰው ሁልጊዜ ለሚሠራበት 200፣ ለማሸጊያና ለመጫኛ ቦታ 300 ሉክስ ይጠየቃል። እኛ 150 ብናደርስ እንኳ ትልቅ ለውጥ ነው።

ከፍታው ደግሞ ዋናው ጉዳይ ነው። ያው አንድ መብራት ከ3 ሜትር ወደ 6 ሜትር ከፍ ሲል፣ በቀጥታ ከሥሩ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል እንጂ በግማሽ አይቀንስም። ለሱቅ የሚሆነው መብራት ለመጋዘን የማይሆነው ለዚህ ነው። ጣሪያው ከፍ ሲል ብርሃኑን ወደ ታች ሰብሰብ አድርጎ የሚጥል፣ 60 ወይም 90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው «ሃይ ቤይ» የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። 120 ዲግሪ የሆነው ረጅም ጣሪያ ላይ ሲሰቀል ብዙውን ብርሃን ለግድግዳ ይከፍላል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። 20 በ30 ሜትር የሆነ መጋዘን ስፋቱ 600 ካሬ ነው። 150 ሉክስ ወለሉ ላይ እንዲደርስ 90,000 ሉመን መድረስ አለበት። ግድግዳው፣ አቧራውና የጆንያው ቆለል ግማሹን ይወስዱታል እንበልና፣ ከመብራቶቹ 180,000 ሉመን መውጣት አለበት። ይህ ማለት በዋት 150 ሉመን የሚሰጡ እውነተኛ 100 ዋት መብራቶች 12 ናቸው። ባጠቃላይ 1,200 ዋት። ስምንት ባለ 400 ዋት ሜታል ሃላይድ ፓውዛ ከነባላስቱ 3,600 ዋት ገደማ ይበላል። በቀን አምስት ሰዓት ከበራ ልዩነቱ 12 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 360 ነው። ይህን በቢላችሁ ላይ ባለው ታሪፍ አባዙትና ጥሩው መብራት በስንት ወር ዋጋውን እንደሚመልስ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ከመብራቱ በፊት መብራቱን የሚያበራው ኃይል ይታይ። የኬንያው ሞያሌ ለረጅም ዓመታት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከኢትዮጵያ በኩል በሚመጣ መስመር ነው። የኢትዮጵያ ቮልቴጅ በስም 220፣ የኬንያ 240 ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ይወርዳል፣ ይዘላል፣ ይጠፋል። ስለዚህ ድራይቨሩ ሰፊ ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ ከ100 እስከ 277 የሚችል፣ ድንገተኛ ዝላይ መከላከያም ያለው ይሁን። ኤልኢዲ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ አምፖሉ ሳይሆን ድራይቨሩ ነው። በሌላ በኩል ለእኛ ከተማ የኤልኢዲ ትልቁ ጥቅም እዚሁ ላይ ነው፤ ሜታል ሃላይድ ለአፍታ ኃይል ሲቋረጥበት እስኪቀዘቅዝ አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ አይበራም፤ ኤልኢዲ ወዲያው ይመለሳል። ሰው ጆንያ ተሸክሞ መሰላል ላይ ሳለ አሥር ደቂቃ ጨለማ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ሙቀቱንም አትርሱ። ቆርቆሮ ጣሪያችን በቀትር እንደ ምጣድ ነው። ኤልኢዲን ዕድሜውን የሚያሳጥረው ሙቀት ነውና ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት፤ በሰንሰለት ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ እስከ 50 ዲግሪ የሚችል ይሁን። ለጎልቦ አቧራ ደግሞ አይፒ65 የሚል ማሸጊያ ያለው ይሻላል።

ቦሎቄና ቡና የምታስለቅሙ ደግሞ ለቀለም ተጠንቀቁ። ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ሽፋን ነው ነጭ የሚያስመስለው። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ሽፋኑ ርካሽ ሲሆን ቀይና ቡናማ ነገር ሁሉ ደብዝዞ ይታያል። የቀለም መለኪያው ቢያንስ 80 ይሁን። በማታ ንጹሕ ነው ብላችሁ የሰፋችሁት ጆንያ ቀን ናይሮቢ ላይ ሲፈታ አታፍሩም።

«ገንዘቤን ዕቃ ላይ ላውለው እንጂ ጣሪያ ላይ ልስቀለው?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እውነት አለው፤ ካፒታል ከቆመ ንግድ ቆመ። ለእሱ ያለኝ መልስ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መብራት ከመግዛትህ በፊት ከጣሪያህ ላይ ጥቂት ቆርቆሮ አንሥተህ ብርሃን የሚያሳልፍ ቆርቆሮ ተካበት። የሞያሌን ፀሐይ የሚያስከፍል የለም። ቀን ላይ አምፖል የሚያበራ መጋዘን ከመብራቱ በፊት ጣሪያው ይታሰብበት። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትግዛ። መጀመሪያ መተላለፊያውንና መጫኛውን አብራ፤ የጆንያ ቆለል መብራት አይፈልግም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚከነክነኝ የራሳችን ጉዳይ ነው። እነዚህን መብራቶች ከሉቱሊ ጎዳናም ከመርካቶም አምጥተን የምንሸጠው እኛው ነን። ካርቶኑ ላይ ያለው ውሸት ፋብሪካ ውስጥ ይጻፍ እንጂ እዚህ አፍ አውጥቶ የሚናገረው የእኛ ነጋዴ ነው። ሚዛን ማጉደል ነውር ነው ብለን እንማማላለን፤ 70ውን 200 ብሎ መሸጥ ከጎደለ ሚዛን በምን ይለያል?

እኔ የማቀርበው ቀላል ነው። የመጋዘን ባለቤቶች ተዋጥተን አንድ የሉክስ መለኪያና አንድ የዋት መለኪያ እንግዛ፣ በተራ እንዋዋሰው። ሻጩ አንድ መብራት ለናሙና ይስጠን፤ ሰቅለን አንድ ሌሊት እናብራው፣ እንለካው፣ ቃሉ ከሞላ አሥራ አንዱን ጨምረን እንግዛ። ቃሉን የሚያምን ሻጭ ይህን እምቢ አይልም።

ልጁ እጁ ድኖ ተመልሷል። መብራቶቹንም ወደ መተላለፊያው አዛውሬ ጎዶሎውን እየሞላሁ ነው። የእሱን ሕክምናና ሥራ ያጣባቸውን ሳምንታት ስደምረው ያኔ «ተወደደ» ብዬ የተውኩት መብራት ዋጋ አልፎ ሄዷል። እናንተ ይህን ሒሳብ ሰው ሳይወድቅባችሁ አስሉት።