ወንድሜን ያስቀጣው ሰው ሚዜዬ ይሁን?

የዛሬው ደብዳቤ የሰርግ ነው፤ ግን ሙሽራዋ የለችበትም። መሐል የገባው ጫካ ነው! መጀመሪያ ሳነበው ሳቅ ብሎኝ ነበር። ጨርሼ ሳጥፈው ግን ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።

ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መለዋወጫ ሱቅ ይሠራል። ስሙን እንዳላወጣ አደራ ብሎኛል። ያደገው ደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የደጋ ቀበሌ ነው። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ሰርጌ ለጥር ተቆርጧል። ሚዜዬ አብሮ አደጌ ነው። በግ አብረን ጠብቀናል፣ ከአንድ ትሪ በልተናል። አሁን እሱ የፓርክ ጥበቃ ሆኗል። ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ አስታ ቆርጦ በአህያ ጭኖ ከጫካ ሲወጣ ያዘው። መጥረቢያውን ተቀብሎ ወደ ሕግ አቀረበው፤ ተቀጣ። አባቴ ወሬውን የሰሙት ገበያ ላይ ነው። ሁለት በግ ሸጠው ከፈሉ። አሁን ‹እንጀራዬን በልቶ ልጄን አሳልፎ የሰጠ ሰው ሚዜህ ከሆነ ምርቃቴን አትጠብቅ› ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ያንተን ወንድም ብለቅ ነገ የማንን ወንድም ልይዝ ነው?› ይለኛል። ማንን ልተው? ወንድሜ እንጨቱን ሊሸጥ ያሰበው ለሰርጌ የሚለብሰውን ሱሪና ጫማ ሊገዛ ነበር።»

ይቺ የመጨረሻዋ መስመር አልነካቻችሁም? እኔን ነክታኛለች፤ እመለስባታለሁ።

አስቀድመን ስለ ጫካው እናውራ። የአገሬው ሰው ደንቆሮ ጫካ ይለዋል /አትሳቁ፣ ስሙ ነው/። የአማራ ክልል በ2001 ዓ.ም ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ከለለው። ያኔ ስፋቱ 4,375 ሄክታር ያህል ነበር፤ ኋላ ሰፋና ወረሂመኖ የሚለው ስም ተጨመረበት። ኮሶው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉ አስታው፣ ጫፍ ላይ ደግሞ ጓሳውና ጅባራው አለ። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የምኒልክ ድኩላና ነብር ይኖሩበታል። ከሁሉ በላይ ግን የቀይ ቀበሮ ቤት ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት በሙሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። እስቲ አስቡት፤ የአንድ መካከለኛ ሰርግ እንግዳ ማለት እኮ ነው! ዋና ምግቡ የደጋ አይጥ ነው። የሚያጠፉት እርሻና ግጦሽ ሽቅብ እየወጡ መሬቱን መውሰዳቸውና ከመንደር ውሾች የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ናቸው። በ1996 ዓ.ም ባሌ ተራሮች ላይ ይኸው በሽታ ገብቶ ስንቱን ፈጅቷል። ለቀበሮው ደንታ የሌለው ሰው እንኳ ለውሃው ማሰቡ አይቀርም። አስታ እንደ ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመት አይደርስም። ደጋው ሲራቆት አፈሩ ዝናብ እያጠበው ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ምንጩም ይነጥፋል። የአባትህ በጎች ከዚያ በኋላ ምን ሊጠጡ ነው?

ታዲያ አባትህ ክፉ ናቸው? አይደሉም! እሳቸው ያደጉት ማገዶ፣ ግጦሽና የቤት ክዳን ከዚያው ደጋ እያገኙ ነው። በስተርጅና «አትንካ» ሲባሉ ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም።

እዚህ ላይ የመንዝን ጓሳ ልጥቀስ። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ቦታው ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ባለ ድርሻው ሁሉ ያጭዳል። ሥርዓቱን የጣሰ ቤቱ እስከመቃጠል ይደርስበት ነበር። በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቄሮው ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ መጠበቅ ጀመረ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሰው ድርሻ ያለውን ነገር ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ጥበቃ ዘመድ አያውቅም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ እንጂ የተፈጥሮ ሳይንስ ምሁር አይደለሁም። የሚታየኝን ግን ልንገርህ።

ሚዜህን አትቀይር። ገጠር ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? ጓደኛህ ዘመድና ወዳጁን ሁሉ ቢለቅ የሚይዘው ዛፉን ብቻ ነው! ግን እሱም ጥፋት አለበት። ሥራውን ከሠራ በኋላ ያኑ ማታ ቤት ድረስ ሄዶ «አባባ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጠመኝ» ማለት ነበረበት። ይሄ ሕግ አያፈርስም። አባትህን ያቃጠላቸው ቅጣቱ ሳይሆን ወሬውን ከገበያ መስማታቸው ይመስለኛል።

ስለዚህ አባትህ የሚያከብሯቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ለምን፤ ጓደኛህም አብሯቸው ይሂድ። ይቅርታ የሚጠይቀው ዝም በማለቱ ነው፤ በመያዙ አይደለም። ይሄን ሽማግሌዎቹ ለይተው ያስረዱ። መንገዱ ሰላም ከሆነ አንተም ሂድ፤ ካልሆነ ስልክ አለ። ሁለቱን በግ የምትተካው ግን አንተ ነህ። ጓደኛህ ከከፈለ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት ይሆንበታል፤ ነገ ሌላውን መያዝ ያቅተዋል።

አሁን ወደዚያች መስመር ልመለስ። እዚህ ለቪዲዮና ለመኪና ኪራይ ስንት መድበሃል? እዚያ ወንድምህ ላንተ ሰርግ እንዳያፍር ብሎ መጥረቢያ ይዞ ጫካ ገባ። አትቆጣኝ፤ ያ አስታ በከፊል የተቆረጠው ባንተ ሰርግ ነው። ከመኪናዎቹ አንዱን ሰርዝ። የወንድምህን ልብስና ጫማ ግዛ። በተረፈው ሁለት የንብ ቀፎና በገዛ መሬታቸው ላይ የሚተክሉት ችግኝ ይግዙ፤ ለእናትህም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ላክላቸው። ውሻ ካላቸው ይከተብ፤ ወደ ጫካም አይከተላቸው። አባትህም ቅሬታቸውን በሆዳቸው ይዘው ከሚብሰለሰሉ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ያውጡት። ሣር የሚታጨድበት ቦታና ወቅት ይከለልልን ብለው ይጠይቁ፤ የመንዝ ሰው የኖረበት ነገር ነው።

አባትህ ጥር ላይ ልጁን ከጎንህ ቆሞ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞሩ ይሆናል። ያዙሩ። ሠርተው የሚበሉት ከደጋው ነው፤ ደጋው ሲተርፍ ለማን እንደተረፈ እሳቸው አይጠፋቸውም።

ምርቃቱ ሲደርስህ ደግሞ ጻፍልኝ። እናንተም አንባብያን የምትሉት ካለ ላኩልኝ። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!