አያትና የልጅ ልጅ ስልክ ላይ ምን ይሥሩ?
ዋሽንግተን የሚያድግ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ካሉት አያቱ ጋር በቪዲዮ ሲገናኝ ወሬው «ደህና ነህ? በላህ? ትምህርት እንዴት ነው?» ተብሎ ወዲያው ያልቃል፤ ስልኩም ወደ እናቱ ይመለሳል። ፍቅር ጎድሎ አይደለም፤ አብረው የሚሠሩት ነገር ስላላዘጋጀንላቸው ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስ መተግበሪያ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። እንቆቅልሽን እንውሰድ። አያት ይጠይቃሉ፤ መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይሉታል። እሱም ጎንደርን ይሰጣል እንበል። ታዲያ መልሱ ከመነገሩ በፊት ጎንደርን በኢንተርኔት ካርታ ላይ ፈልጎ፣ ስክሪኑን አጋርቶ ያሳያቸው፤ እሳቸውም ስለ ከተማው የሚያውቁትን ያጫውቱት። እሳቸው ቋንቋውን ያስተምራሉ፣ እሱ ካርታውን፤ ሁለቱም አስተማሪ ካልሆኑ ጨዋታው አንድ ሳምንት አይዘልቅም። ፊደሉም እንዲሁ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሆሄ ተዘርግተው 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ በአንዴ ሕፃን ላይ መጫን ማስመረር ነው። በአንድ ቅዳሜ አንድ ረድፍ ይበቃል፦ ልጁ ጽፎ ድምፁን ይጥራ፣ አያት በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል ከማጀታቸው ይስጡት። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶች ብዙ ስለሆኑ ጨዋታው በቃል መሄድ አለበት፤ አያትን በልጅ ልጃቸው ፊት የሚያሳፍር ትምህርት ይቅርብን። በየከተማው የቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት የምትሰጡ መምህራን፣ እባካችሁ አያት ብቻ የሚመልሱትን የቤት ሥራ ስጡ። ወላጆችም ልጁ ሲንተባተብ ቸኩላችሁ አትመልሱለት።