የእማማ ቡፌ፣ የሕፃኗ መደርደሪያ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቡፌ ነው። ሠርግ ላይ የሚደረደረውን ምግብ ማለቴ አይደለም፤ የሳሎኑን፣ ባለመስታወቱን ነው። በእኛ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ቡፌ የሌለው ሳሎን ሳሎን አይባልም ነበር። ከጅቡቲ የመጣ ብርጭቆ፣ የሠርግ ስኒ፣ የሟች ፎቶግራፍ፣ የልጅ ሰርተፍኬት፣ ሁሉም እዚያ ተቆልፎ ይቀመጣል። ልጅ ደግሞ «እንዳትነካ!» እየተባለ አጠገቡ ያድጋል። አሁን ጊዜው የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሆነና ቡፌው ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ግቢ ጥግ፣ ከዚያም ወደ ቁራሌው እጅ እየሄደ ነው።

የእኛ ቤቱም በዚሁ መንገድ ላይ ነበር። ልጄ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። የሕፃኗ መጫወቻና የሥዕል መጻሕፍት በፌስታልና በካርቶን ተበትነው ቤቱ መርገጫ አጥቷል። የአዲስ የልጆች መደርደሪያ ዋጋ ጠይቀን ደንግጠን ተመለስን። ቁራሌው ደግሞ ለቡፌው የጠራው ገንዘብ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። «ታዲያ ለምን ቡፌውን ራሱን ለልጅቷ አናደርገውም?» አልኩ።

ነገር ግን ቡፌው የእናቴ ነው። ሁላችንም እማማ የምንላት እናቴ ይህን ስትሰማ «እኔ ሳልሞት ነው የምትቆርጡት?» አለች። ልክ ነበረች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በወሰደበት ጎርፍ ጊዜ ውኃው እኛም ቤት ገብቶ ነበር። ፍራሹም፣ ምንጣፉም፣ ከቺፑድ የተሠራው ቁምሳጥንም አልተረፈም። ቡፌው ግን ዋንዛ ነውና ጭቃው ታጥቦለት፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ ተመልሶ ቆመ። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ጠቆር ያለ መስመር ዙሪያውን ቀርቶበታል፤ ውኃው የቆመበት ልክ ነው። ለእማማ ያ ዕቃ ከዚያች ሌሊት አብሯት የተረፈ ነው።

ስለዚህ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ሽምግልና ተቀመጥን። እማማ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ የውኃው ምልክት እንዳይፋቅ። ሁለተኛ፣ ከታች ካሉት ሦስት በሮች አንዱ ከነቁልፉ የእሷ ሆኖ እንዲቀር። ተስማማን። አያት ያላችሁ አንባቢያን ይህን ያዙልኝ፤ አሮጌ ዕቃ ለወጣቱ ቦታ የያዘ እንጨት ቢመስለውም ለባለቤቱ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ መለኪያ ሜትሩ አይምጣ፤ መጀመሪያ ጥያቄው ይምጣ።

የሰፈራችን አናጢ ቡፌውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ «እትዬ፣ ይሄን እንጨት ዛሬ በገንዘብዎ ዞረው አያገኙትም። ደግሞ ከቆረጥነው አንሰፋውም፤ ሁለት ጊዜ እንለካ፣ አንድ ጊዜ እንቁረጥ» አለኝ። ስለ እንጨቱ አላጋነነም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን የከለከለው ዛፎቹ እየተመናመኑ በመሄዳቸው ነው። የእናቶቻችን ቡፌና ቁምሳጥን ውስጥ ያለው እንጨት በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

አሮጌ ዕቃ ሁሉ ግን ለልጅ ክፍል አይሆንም። ቺፑድ ከሆነና ጠርዙ አብጦ ከተነሣ ብሎን አይዝም፤ ተዉት። ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉትና ሥሩ አዲስ ዱቄት የሚመስል ነገር ካገኛችሁ ነቀዙ አሁንም ውስጥ ነው፤ ቤት አታስገቡት። በመገጣጠሚያውና በስንጥቁ ትኋን አለመኖሩን በባትሪ ብርሃን እዩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀለሙን እዩ። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ መጠን የለውም ይላል። ጥርስ የምታወጣ ልጅ የመደርደሪያውን ጠርዝ ትነክሳለች፤ የተላጠ ቀለም ብናኝ በእጇ ወደ አፏ ይገባል። ስለዚህ ዕድሜው የማይታወቅ፣ እየተላጠ ያለ ቀለም የተቀባ ዕቃ ለልጅ አይሁን። የእኛው ቫርኒሽ ብቻ የነካው ስለነበር ደፈርን። ያም ሆኖ ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እያስነካን፣ ልጅቷ ጎረቤት በሄደችበት ሰዓት፣ ግቢ ውስጥ ነው የፈገፈግነው።

አዲስ ቀለም ስትገዙም ጠይቁ። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቆርቆሮው ላይ እርሳስ የሌለበት መሆኑ የተጻፈበትን፣ በውኃ የሚበጠበጠውን ምረጡ። የድሬን ፀሐይ ታውቃላችሁ፤ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳይደርቅ በማለዳ፣ በጥላ ሥር ቀቡ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ቡፌ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል ነው። የላይኛውን ባለመስታወት ክፍል ከታችኛው ለየነው። መስታወት ልጅ ክፍል አይገባም፤ ወጣ። የላይኛው ክፍል ጣውላ ለመሐል መደርደሪያ ሆነ፤ የጀርባው ኮምፔንሳቶ ደግሞ ለእንስሳቱ ተቀመጠ። የታችኛው ክፍል 85 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ወርዱ ሰፊ፣ ክብደቱም ብዙ ስለሆነ የልጅቷ መደርደሪያ እሱ ሆነ። ሁለቱን በሮች ነቅለን በእያንዳንዱ መሐል አንድ ጣውላ ስናስገባ አራት ክፍት ቦታ ተገኘ። ሦስተኛው በር ከነቁልፉ የእማማ ነው። መሳቢያዎቹ ወጥተው መሬት ላይ የሚቀመጡ የመጫወቻ ሣጥኖች ሆኑ። የሾለ ጠርዝ ሁሉ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ተድበለበለ።

ዝቅ ማለቱ ዋና ነገር ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ቤት ዕቃውን በልጅ ቁመት ያደረገችው፣ ልጅ ራሱ አንሥቶ ራሱ እንዲመልስ ነበር። ልጅ የማይደርስበት መደርደሪያ ሥራው ለእናት ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። መደርደሪያው ዝቅ ቢልም ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ልጅ መደርደሪያን እንደ ደረጃ ነው የሚያየው፤ የተከፈተ መሳቢያ ደግሞ ከደረጃም ይብሳል። መሳቢያዎቹን ያወጣነው ለዚህ ነው። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. አይኬያ የተባለው ታላቅ የቤት ዕቃ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ 29 ሚሊዮን የሚሆኑ ባለመሳቢያ ሣጥኖችን እንዲመለሱ የጠራው፣ ከግድግዳ ሳይታሰሩ ተገልብጠው ሕፃናት ስለሞቱ ነው።

አስተሳሰሩ እንደ ግድግዳችሁ ነው። በመደርደሪያው ጀርባ ላይኛው ጠርዝ፣ ግራና ቀኝ፣ የኤል ቅርጽ ያለው ብረት በብሎን ይመታል። የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ከሆነ በድሪል በስቶ ፊሸር ማስገባት ይበቃል። ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ ሊሽከረከር ይችላል፤ ኮለኑን ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ፈልጉ። የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ምንም አይዝም፤ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ የቆመውን እንጨት አግኙና እሱ ላይ እሰሩ። ከባድ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ልጅን የሚያጓጓ ነገር፣ ስልክም ይሁን ብስኩት፣ የመደርደሪያው አናት ላይ አይቀመጥ። ቁልፍ ያለው በር ውስጥም ቢሆን መድኃኒት አታስቀምጡ፤ የእማማው ስኒና ፎቶግራፍ ብቻ ነው የያዘው።

ወደ እንስሳቱ እንምጣ። በሱቅ የሚሸጡት የልጅ ዕቃዎች ላይ ያሉት ፓንዳና ፔንግዊን ናቸው። ልጆቻችን አንበሳን «ላየን» እያሉ ነው የሚያድጉት። እኛ የአገራችንን አራት መረጥን፤ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጅብና ኤሊ። ዝሆኑ ሩቅ አይደለም፤ ከሐረር አልፎ ያለው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። ዛሬ ግን እርሻና ሰፈራ እየገፋው ነው። ልጅ ስሙን የማታውቀውን እንስሳ ስታድግ ትጠብቀዋለች ብዬ አላምንም።

ጅቡ ላይ ክርክር ተነሣ። ልጄ «ሌሊት ትፈራለች» አለች። እማማ ደግሞ «ጅብን ደብቀሽ ተረቱን በምን ልታወሪላት ነው?» አለቻት። በተረት ጅብ ሆዳም ነው፤ ሁሌ ይታለላል፤ ልጅ ይስቅበታል። ሐረር ላይማ ሰው በእጁ ያበላዋል። ጥርሱን ሳናሳይ፣ ሆዱን አተልቀን ሠራነው። ልጃችሁ ከልብ የምትፈራ ከሆነች ግን አታስገድዷት፤ ሚዳቋ አለ፣ ግመል አለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ትሥላላችሁ፤ ቆርጣችሁ ኮምፔንሳቶው ላይ ታስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ታሰምራላችሁ። አናጢው በቀጭን መጋዝ ይቆርጠዋል። በኮላ ይለጠፋል፤ ከውስጥ በኩል በአጭር ብሎን ይጠብቃል። ዓይኑ በቀለም ይሁን። ቁልፍ ወይም ጨሌ ዓይን ብላችሁ አትለጥፉ፤ ተነቅሎ ጉሮሮ ይዘጋል።

እንስሳቱ ለጌጥ ብቻ አይደሉም። ማንበብ ለማትችል ልጅ ጽሑፍ ናቸው። ዝሆኑ ጋ ከባባድ መጫወቻ፣ ኤሊው ጋ መጻሕፍት፣ አንበሳው ጋ አሻንጉሊት፣ ጅቡ ጋ ምግብ ማብሰያ መጫወቻዎቿ። «ዕቃሽን ሰብስቢ» ስትባል የማትሰማ ልጅ «ጅቡ ራበው፤ ድስቱን መልሺለት» ስትባል ትሮጣለች።

ሌላም ጨመርን። የግቢያችን ልጆች አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም ይናገራሉ፤ ድሬ ናትና። ከእያንዳንዱ እንስሳ ሥር ስሙን በሦስቱም ጻፍን። አንበሳ፣ ሌንጫ፣ ሊባሕ። ጅብ፣ ወራቤሳ፣ ወራቤ። ኤሊ፣ ቆጫ፣ ዲን። ዝሆን፣ አርባ፣ መሮዲ። ቁጥር የጀመረችው የልጅ ልጄ አንድ ዝሆን እንዴት አርባ እንደሚሆን ለጎረቤት ልጅ አቤቱታ አቅርባለች። የልጅቷ ጓደኞች የቤታቸውን ቃል እኛ ቤት ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል፤ እኛም ያልሰማነውን ተምረናል።

«እንስሳ ግድግዳ ላይ መሣል የፈረንጅ ነገር ነው» ላለችኝ ጎረቤቴ የመለስኩላትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ከከተማችን በስተደቡብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ተመራማሪዎች እዚያ 40 ኪሎ የሚመዝን፣ ከ4 ሺህ በላይ ቁራጭ የቀለም ድንጋይ አግኝተዋል፤ ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በጣም ዘግይተው የተሣሉ የእንስሳትና የሰው ሥዕሎችም በግድግዳው ላይ አሉ። ድሬ ላይ ቀለምና እንስሳ ከባቡሩ በፊት ነው የተዋወቁት።

የውኃው መስመርም አልተፋቀም። በኤሊው ሆድ ሥር ያልፋል። ሕፃኗ በጣቷ እየተከተለችው «ይሄ ምንድነው?» ብላ እማማን ጠይቃለች። እማማም እስከ ዛሬ ለእኛ እንኳን ያልነገረችንን፣ በዚያች ሌሊት ልጆቿን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንዳወጣች፣ ለሦስት ዓመት ልጅ በሚሆን ቋንቋ ነገረቻት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። ቁራሌው ቢወስደው ኖሮ ያን መስመር ማን ይጠይቅ ነበር?

እናንተም በረንዳ ላይ የወጣ ቡፌ፣ አልጋ ወይም ቁምሳጥን ካላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ቆርቆር አድርጋችሁ እዩት፤ ባለቤቱንም አነጋግሩ። ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ መደርደሪያውን በሁለት እጃችሁ ያዙና ወደ እናንተ ሳቡት። ከተነቃነቀ ልጅቷ ከእንቅልፏ ሳትነሣ ብሎኑን አጥብቁ።