ወሰን ማበጀት ጥል አይደለም

በገጠር ሁለት ማሳዎች በሚዋሰኑበት ቦታ የድንበር ድንጋይ ይተከላል። የሚተከለውም ጎረቤታሞቹ ስለተጣሉ ሳይሆን እንዳይጣሉ ነው። በቤታችን ግን እንዲህ ያለውን ወሰን ማበጀት እንደ ነውር ይቆጠራል።

መርሳ ከተማ የምትሠራ አንዲት እናት እናስብ። ደመወዟን በተቀበለች ማግስት የባሏ እኅት ብድር ትጠይቃለች፤ አማቷ ሳይናገሩ መጥተው ጓዳ ይፈትሻሉ፤ ቡና ላይ ለጎረቤት ያወራችው የትዳር ምሥጢር ገበያ ውሎ ይመለሳል። እርሷም «ሰው ምን ይለኛል» በማለት ሁሉን ችላ ትቆይና አንድ ቀን ምንም ባላጠፉት ልጆቿ ላይ ትጮኻለች።

የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥ ባለሙያ እንዲህ ያለችውን እናት «ማን በደለሽ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የትኛውን እሺ ካልሽ በኋላ ነው ውስጥሽ የሚከፋው?» ቢላት ይረዳታል። ድንጋዩ የሚተከለው እዚያ ላይ ነውና።

አማትን መገሠጽ አያሻም። «እማማ፣ ሲመጡ አስቀድመው ይደውሉልኝ፤ ቡና አፍልቼ እጠብቅዎታለሁ» ማለት ይበቃል። (ይህን ለእናቱ ቢናገር የሚሻለው ግን ባልየው ነው።) ለብድሩም «በዚህ ወር አልችልም» ካሉ በኋላ ምክንያት መደርደር ክርክር መጋበዝ ነው። መጀመሪያ ኩርፊያ ይኖራል፤ ያንኑ ቃል በለሰለሰ አንደበት ይድገሙት። ይሁንና ወሰን አበጀሁ ብሎ ለታመመ ወይም ሐዘን ለደረሰበት ዘመድ ደጅ መዝጋት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን አንደግፍም።

በባልና ሚስት መካከል ያለው ወሰን በሕግም የታወቀ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ሁለቱን እኩል አድርጓል፤ አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በ1992ቱ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ተጋቢ ገቢውን ራሱ ይቀበላል፤ ሌላው ሲጠይቀው ደግሞ ስለ ገቢው ያስረዳል። ስለዚህ የሚስትን ደመወዝ ከእጇ መንጠቅ እንደማይገባ ሁሉ እርሷም ደመወዟን መደበቅ የለባትም።

በእርጋታ መናገር የሚበጀው ግን ለሚሰማ ሰው ነው። «አይሆንም» ስትል እጅ የሚነሣባት ሴት የቃላት ምርጫ አያድናትም። እንዲህ ያለ ሁኔታ ካለ ከሚያምኑት ሰው ጋር ሆነው ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ጉዳት ከደረሰብዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ታክመው የሐኪም ማስረጃ ይያዙ።