መቀሱ የማን ነው?

ዘጋቢ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚሻ ጀማሪ፣ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ታሪክ ቢያጠና ይበጀዋል። እኔም ለነገሩ አዲስ ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ መምህር ግን አላገኘሁም።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። ደርግ ያንን ፊልም ወሰደና በመካከሉ ሌላ ቀረጻ ሰካበት፦ የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ሠርግ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ። ፊልሙ በታየ በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው በቮልስዋገን ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ሁለቱም ቦታዎች እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ውስጥ ናቸው፤ ከካዛንቺስ ወደ ስታዲየም የሚወርድ ሰው የቤተ መንግሥቱን አጥር ታክኮ ያልፋል።

ከምስሎቹ አንዱም ውሸት አልነበረም። ወሎ ተርቧል፤ ውሾቹም በልተዋል። ማንም ያልቀረጸው ነገር የተወለደው በመጋጠሚያቸው ላይ ነው፦ ያ የተራበው ይህ ስለበላ ነው የሚል ክስ። ተራኪ አልተናገረውም፤ ተመልካቹ ራሱ ጨረሰው። ሰው ደግሞ ራሱ በሰጠው ፍርድ ላይ ይግባኝ አይልም።

ክሱ ሐሰት አይደለም ለሚሉኝ አልከራከርም፤ ረሃቡ ተደብቆ ነበርና። የሚያሳስበኝ ባለመቀሱ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 1977 ላይ፣ ደርግ አዲስ አበባን በመፈክርና በባንዲራ አሸብርቆ የአብዮቱን በዓል ሲያከብር ወሎና ትግራይ እንደገና ይራቡ ነበር። ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሳው ምስል በጥቅምት በቢቢሲ ወጣ። መቀሱ በደርግ እጅ እያለ ያኔ በዓሉንና ኮረምን ገጣጥሞ የሚያሳየን ኤዲተር ከየት ይምጣ?

የታማራ ማርያም ዳዊትን «ፋይንዲንግ ሳሊ» (2020 እ.ኤ.አ.) የተባለ ዘጋቢ ፊልም የወደድኩት መቀሱ የማን እንደሆነ ስለማይደብቅ ነው። ኢሕአፓን ተቀላቅላ ደብዛዋ የጠፋ አክስቷን ስትፈልግ ድምፅዋ የራሷ ነው፤ ማንን፣ ለምን እንደምትጠይቅ ይሰማል። ካልተስማማን የምንሟገታት ሰው አለችን።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ በስልኩ ያልቀረጸ የሰፈር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቀረጻው ሞልቷል። አንድ ቀን አንዱ ቁጭ ብሎ ሲገጣጥመው፣ ከፈረሰው ግድግዳ ቀጥሎ የሚያስገባው የቱን ይሆን? አዲሱን ሰፊ አስፋልት ወይስ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ የሄደበትን ኮንዶሚኒየም?