ቤንዚን ሞልቶ መመለስ ይበቃልን?



በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። «የቤተሰብ መጽሔት ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠን። ጉዳዩ የብረት ብቻ ሳይሆን የሐቅና የወንድማማችነትም ነውና።

ማሻ ውስጥ የምንኖር ሦስት መምህራን ነን። አንዳችን ኡስታዝ ሲሆኑ ሁለታችን የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ሌሊት የአንዳችን ባለቤት ምጥ ያዛት። ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ቃሬዛ አዘጋጀ፤ ገሚሱ መኪና ፍለጋ ወጣ። መኪና የተገኘው ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ነው። የተጠየቀው ገንዘብ የአንድ መምህር የወር ደመወዝ የሚነካ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ እናትም ልጅም ተረፉ። እኛ ግን ያን ሌሊት አልረሳነውም።

ስለዚህ ሦስታችን መከርን፤ ከወለድ ለመራቅ ስንልም እቁብ ገባን። (ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ እኛ ግን አቅማችን ለእቁብ የቀረበ ነበር።) በመጨረሻም አንድ ሊትር ሞተር ያላት፣ ባለ አምስት ማርሽ ያሪስ ገዛን። ይህች መኪና በጃፓን ቪትዝ ተብላ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣች ስትሆን፣ በአውሮፓ ያሪስ ተብላለች። ቤንዚን አትበላም የሚል ስም ስላላት ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ጠቡ እንዴት መጣ?

ስምምነታችን ቀላል ነበር። «ማንም ለግል ጉዳዩ ሲወስዳት ቤንዚኑን እንደነበረ ሞልቶ ይመልሳል» አልን። ማንም ፍትሐዊ ነው የሚለው ደንብ ነው። አንደኛው ወንድማችን ደሴ ድረስ ሄዶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ 400 ኪሎ ሜትር ነድቶ ተመለሰ። እንደ ቃሉም ሞልቶ መለሳት። በሳምንቱ የመኪናዋ እግር መንኳኳት ጀመረ። ጋራዥ ስንወስዳት አሞርዛተሩ ማለቁንና የፊት ጎማዎቹም መበላታቸውን ነገሩን። የሚከፈለው ገንዘብ ለሦስት ይካፈል ሲባል፣ ያን ወር መኪናዋን ጨርሶ ያልነካው ሰው አጉረመረመ።

ነጂው ወንድማችንም ተከፋ። «ቤንዚኑን እስከ አፉ ሞልቼ መልሻለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ሐቅ ቀረብኝ?» አለ።

ኡስታዝም በዝግታ፣ «አብሽር ወንድሜ፤ ማንም አልከሰሰህም። ግን ጎማው የማን ነበር? ዘይቱስ?» ብለው ጠየቁት።

ዝም ተባባልን። መልሱን ሦስታችንም አናውቀውም ነበር። ያን ምሽት አንድ የተማሪ ደብተር አወጣንና ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ የምትጠጣውን፣ የምትበላውንና የምትሄደውን ሁሉ እንድንጽፍ ተስማማን።

ደብተሩ የነገረን

በ2017 ዓ.ም. ሙሉውን ዓመት ጻፍን። መኪናዋ 9,600 ኪሎ ሜትር ሄደች፤ 750 ሊትር ቤንዚን ጠጣች። ይህ ማለት በአንድ ሊትር 12.8 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከማደያም፣ ማደያ ሲደርቅ ከጀሪካን ሻጭም የገዛነው ተደምሮ አንዱ ሊትር በአማካይ 120 ብር ወጣበት። ስለዚህ የቤንዚኑ ወጪ 90,000 ብር ሆነ።

ሌላው ወጪ እንዲህ ነው። አራቱ ጎማዎች 32,000 ብር ፈጅተዋል፤ በእኛ መንገድ 32,000 ኪሎ ሜትር ይሠራሉ ብለን ብንገምት የዓመቱ ድርሻ 9,600 ብር ነው። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ስንቀይር 9,000 ብር። የእግር ሥራ፣ አሞርዛተርና የፍሬን ሸራ 27,000 ብር። ባትሪው 12,000 ብር ሲሆን ሦስት ዓመት ይቆያል ብንል የዓመቱ ድርሻ 4,000 ብር። የሦስተኛ ወገን መድን፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ 8,400 ብር። ይህ ሁሉ ሲደመር 58,000 ብር ይመጣል።

ጠቅላላ ድምሩ 148,000 ብር ነው። ለኪሎ ሜትር ሲካፈል 15 ብር ከ42 ሳንቲም ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ቤንዚኑ ከመቶ 61 ያህል ብቻ ነው። ቤንዚን ሞልቶ የመለሰ ሰው ከመቶ 39ኙን ሳያውቅ ለወንድሞቹ ትቶላቸዋል ማለት ነው። ያ ወንድማችን አልዋሸም፤ አላጭበረበረምም። ነገር ግን ቤንዚን በዓይን ይታያል፤ ጎማ ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ስለሚያልቅ አይታይም። ሐቅም እንዲሁ በማይታይበት በኩል ነው የሚፈሰው።

ቤንዚን ለምን ከበደ?

ቤንዚኑ ራሱ በምን ፍጥነት እንደወጣ እናስታውስ። በአዲስ አበባ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ አንድ ሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገብቶ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳቱ አንዱ ምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ደግሞ ነዳጁንም መለዋወጫውንም አስወደደ። አገራችን ነዳጅ አታጣራም። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከተዘጋ ወዲህ የምንነዳበት ሁሉ ተጣርቶ የሚገባ ነው። ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ከዚያም ዳገቱን ወጥቶ ወደ እኛ ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት የጀሪካን ዋጋ ምን ያህል እንደሚንር ያየ ያውቀዋል።

«አዲስ መኪና ብትገዙ ይሻላችሁ ነበር» የሚሉን አሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ኤሌክትሪኩ ለከተማ መልካም ነው። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ በቅርብ ለማያገኝ የገጠር መምህር ግን አሮጌዋን በወጉ መያዝ ይቀርበዋል።

ከዳገቱ የተማርነው

ከደሴ ወጥቶ በጉጉፍቱ በኩል ወደ ቦረና የሚመጣ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 10 ገደማ ያጣል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሮጥ ትንሽ ሞተር እኛ ዘንድ ዳገት ላይ ቢያቃስት አያስገርምም። አንዳንዱ ነጂ በከባድ ማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጁን እስከ ታች ይረግጣል። መኪናዋ ቤንዚን ትጨምራለች እንጂ ጉልበት አትጨምርም። በጊዜ ወደ ቀላል ማርሽ መለወጥ ነው መፍትሔው። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ያሏችሁ ደግሞ መካኒክ በደጋው ልክ እንዲያስተካክልላችሁ አድርጉ፤ ያለበለዚያ ጥቁር ጭስ እየተፉ ገንዘባችሁን ያቃጥላሉ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተታችን ቁልቁለቱ ላይ ነበር። «ቤንዚን እንቆጥብ» ብለን በፎሌ እንለቃት ነበር። ይህ ልማድ በአገራችን ብዙ ነጂ ዘንድ አለ። እንደኛዋ ያለች ኢንጀክተር ያላት መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆና እግራችንን ከነዳጅ መርገጫው ስናነሳ ቤንዚኑን ጭራሽ ታቋርጣለች፤ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋልና። በፎሌ ስትሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ትጠጣለች። የተቆጠበ ነገር የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ መኪናዋን የሚይዛት ፍሬኑ ብቻ ይሆናል። ፍሬን ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይከዳል። አንድ ቀን የፍሬኑ መርገጫ እግራችን ሥር ሲላላ ተሰማን። የሸራው ጢስ ሸተተን። አላህ አተረፈን። ከኋላ ሁለት ሕፃናት ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለትን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እንጂ በፎሌ አልወረድንም። ወጣቶች ሆይ፤ ይህን አንድ ነገር ብቻ ከጽሑፋችን ብትይዙ ይበቃናል።

ሌሎቹ ትናንሽ ነገሮች ናቸው፤ ሲደመሩ ግን ብዙ ናቸው።

የጎማ ንፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ልኩ በነጂው በር መቃን ላይ ተጽፏል። የጎደለ ጎማ ቤንዚንም ይበላል፤ ራሱም ቶሎ ያልቃል።

ዲፕራተሩን በበጋ አቧራ ወቅት ቶሎ ቶሎ ተመልከቱት፤ ካንዴላውንም አትርሱ።

በብርዱ ጠዋት ሞተር አስነሥቶ ሩብ ሰዓት ማሞቅ ቤንዚን ማፍሰስ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ በዝግታ መነሣት ይበቃል። ቀዝቃዛ ሞተር በአጭር ጉዞ አብዝቶ ስለሚጠጣም የመካነ ሰላም ጉዳያችንን ሁሉ በአንድ ቀን እንጨርሳለን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ተፈትልኮ ሄዶ ፍሬን መያዝ የገዛነውን ቤንዚን በፍሬን ሸራ ላይ ማቃጠል ነው።

የጀሪካን ቤንዚን ብዙ ጊዜ ላምባ የተቀላቀለበት ነው። ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ያለበት ቅባት ትቶ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ቤንዚን በሃይላንድም በጀሪካንም ሞልታችሁ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ትነቱ ወለል ለወለል ሄዶ ከምድጃ እሳት ይገናኛል። ጥቂት ሊትር ለመቆጠብ ቤተሰብን ለእሳት መስጠት ሒሳብ አይደለም።

የራሳችሁን መኪና ለማወቅ ብትሹ መንገዱ ቀላል ነው። ታንከሩን እስከ አፉ ሙሉና የኪሎ ሜትሩን ቆጣሪ ጻፉ። እንደ ልማዳችሁ ነድታችሁ እንደገና ሙሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ሁለተኛ በገባው ሊትር አካፍሉት። አንድ ጊዜ ሊያሳስት ስለሚችል አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ቁጥሩ በድንገት ከወረደ መኪናችሁ ታማለች ማለት ነው፤ ከመንገድ ላይ ብልሽት በፊት ይነግራችኋል።

አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡም ሻጩ የሚነግራችሁን ኪሎ ሜትር ብቻ አትመኑ፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የመርገጫዎቹ ላስቲክና የመሪው መበላት እውነቱን ያወጣሉ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ በደንብ በሚያውቅ መካኒክ አስመርምሩት። የምትሸጡም የምታውቁትን ጉድለት ተናገሩ፤ ደብቆ መሸጥ ሐራም ነውና።

አሁን ያለው ደንባችን

ደብተሩ ከተዘጋ በኋላ ሦስታችን ኡስታዝ ቤት ተቀምጠን አዲስ ደንብ አወጣን። መኪናዋ ቆማም ሆነ ሄዳ የሚከፈለውን፣ ማለትም መድኑን፣ ቦሎውንና ባትሪውን፣ እኩል እንካፈላለን። በመሄድ የሚያልቀውን ግን የሄደ ይከፍላል። ጎማ፣ ዘይትና እግር ሲደመሩ 45,600 ብር ናቸው፤ ለ9,600 ኪሎ ሜትር ሲካፈሉ 4 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናሉ። እኛ አምስት ብር አልነው። ለግል ጉዳዩ የወሰዳት ቤንዚኑን ይሞላል፤ ለነዳው ኪሎ ሜትር ሁሉም አምስት አምስት ብር በጋራ ሣጥን ይጨምራል።

ያ ወንድማችን ሒሳቡን ከሰማ በኋላ ደብተሩን ተቀበለና ስለዚያ የደሴ ጉዞ አሰበ። 400 ኪሎ ሜትር በ4 ብር ከ75 ሲባዛ 1,900 ብር ነው። በማግሥቱ ከሡብሒ በኋላ ገንዘቡን ይዞ መጣ። «ቤንዚኑን ሞልቼ ነበር፤ ሐቃችሁን ግን አልሞላሁም» አለን። አንቀበልም ብንለውም ኡስታዝ «ተቀበሉት፤ ልቡ ይረፍ» ስላሉን ሣጥኑ ውስጥ ገባ።

በደንባችን ላይ አንድ መስመር ጨምረናል። ለምጥና ለታመመ ሰው መኪናዋ ስትወጣ፣ የማንም ቤተሰብ ይሁን የየትኛውም ጎረቤት፣ ኪሎ ሜትሩ ይጻፋል እንጂ አይከፈልም፤ ቤንዚኑም ከሣጥኑ ይሸፈናል። መጀመሪያውኑ የገዛናት ለዚያ ነበርና። በ2017 ዓ.ም. ደብተር ላይ እንዲህ ያለ ጉዞ ሰባት ጊዜ ተጽፏል።

ወሰላሙ ዓለይኩም።